ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወተቱ መሞቅ ጀመረ» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ተሰማ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን አንሶላ በሸምበቆ እየነኩ። «ሦስት ሰዓት ላይ ይኸው ወጣ። አራት ሰዓት ላይ እዚህ ደረሰ። አምስት ሰዓት ላይ የሆነውን እናንተው ታዩታላችሁ። እኔ ማንንም አልወነጅልም፤ መሣሪያ ግን አይዋሽም።»

አንሶላው ላይ በፕሮጀክተር የተጣለ አንድ ቀይ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ዳገት ይወጣል። ከሥሩ ሰዓቶቹ ተራርቀው፣ ጎልተውና ቀጥ ብለው ተጽፈዋል፤ 1:00፣ 2:00፣ 3:00 እያሉ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንቶች እንኳ ያነቧቸዋል። ቡታጅራ ውስጥ፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የወተት ማኅበር አዳራሽ፣ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከተሰበሰበው ሰው ግራፍ የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። የዚህኛው ትርጉም ግን ለማንም አልጠፋውም። የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሌሊት የሚጠብቀው ሙዝደሊፋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ማታ ተረኛዋ ከድጄ ናት። ወተቱ መሞቅ የጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ፣ የሞቀው በከድጄ እጅ ነው። የዚያ ሁሉ ቤት ወተት የኮመጠጠው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና አልጭንም ብሎ የሄደው፣ ሮብ ዕለት ወተቱ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ሴቶቹ አፋቸውን በሻርፕ ይዘው የቆሙት በእሷ ምክንያት ነው።

ፈቲሀ ከላፕቶፑ አጠገብ ቆማለች። ግራፉን የሠራችው እሷ ናት፤ የማኅበሩ የመረጃ ሠራተኛ ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። አቶ ተሰማ «ከጠዋቱ» የሚለውን ቃል ሲያወጡ ቀና ብላ አንሶላውን አየች። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። ባለፈው ወር አንድ ፕሮጀክት የወተቱ ታንከር ውስጥ የተከለው ይህ ሙቀት መዝጋቢ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እሱ ሁለት ሲል እኛ ከሌሊቱ ስምንት የምንለው ነው፣ እሱ አምስት ሲል ከሌሊቱ አስራ አንድ። ቀዩ መስመር ያንን ዳገት የወጣው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ከድጄም ቤቷ ተኝታ ነበር። ክፍሉን የሚጠብቀው ሙዝደሊፋ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ተሰማ ቢሮ ገብተው መጀመሪያ የሠራችውን ግራፍ ሲያዩ ፊታቸውን አጨማድደው ነበር። የሳምንቱ ሙቀት በሙሉ አለበት። ከሥሩ በየነጥቡ የፈረንጅ ቀን፣ ወር፣ ሰዓትና ኤኤም ፒኤም ተደራርበው ተጽፈው፣ ቦታ ስለጠበባቸው ተጋድመውና እርስ በርስ ተጣብቀው የሚነበብ ነገር አልነበራቸውም። «ይሄ ምንድነው? ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ነው የሚመስለው። የሞቀበትን ብቻ አሳዪን፣ ሌላውን ተይው» ብለዋት ሄዱ። እሷም ተቀመጠች። ኤክሴል ላይ የግራፉን የታችኛውን መስመር ተጭና ከፈተች። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቆርጣ ሙቀቱ የወጣበትን ሰዓት ብቻ አስቀረች። በየሰዓቱ አንድ ጽሑፍ እንዲሆን አደረገች። ቀኑን አጠፋች። ኤኤም የሚሉት ፊደላት ደግሞ ቦታ ከማጣበብ ሌላ ምን ይሠራሉ ብላ እነሱንም አጠፋች። ጽሑፉ ቀና አለ፣ ተነፈሰ። ፊደሉን አተለቀችው። በጣም አምሮባት በስልኳ ፎቶ አንስታ ወልቂጤ አብራት ለተማረች ጓደኛዋ ላከችላት፤ ጓደኛዋም የሚያጨበጭቡ እጆች መለሰችላት። ያን ሁሉ ስታደርግ ሰዓቱ የማን ሰዓት እንደሆነ አንድም ጊዜ አላሰበችም።

አሁን መመለስ ይቻል ነበር። ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ብትጫን ያጠፋቻቸው ፊደላት ተመልሰው ይመጣሉ፤ «አንድ ጊዜ ይቅርታ አቶ ተሰማ» ብትል ሰውየው ይሰሟታል፣ ክፉ ሰው አይደሉም። አፏንም ከፍታ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከፊት የተቀመጡት ሐጂ ሙንታሲር «ይህን የመሰለ ነገር ማነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ። «የእኛው ፈቲሀ ናት፤ የከድጄ የእህቷ ልጅ» አሉ አቶ ተሰማ። «አያችሁ፣ የገዛ አክስቷ ናት፣ ግን እውነቱን አልደበቀችም። ልጅ ማስተማር ለዚህ ነው።» ሰው አጨበጨበ። የፈቲሀ እጅ ከማውሱ ላይ ተነሳ።

ከድጄ በሴቶቹ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። ተነሳች። ሮብ ዕለት ወተቱ ሲደፋ «እኔ ስገባ ማቀዝቀዣው ቆሞ፣ ወተቱ ሞቆ ነው ያገኘሁት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ አይነሳም፤ ሰው መጫን አለበት። የተጫንኩት እኔ ነኝ» ብላ ለሁሉም ተናግራ ነበር። በዚያ ሳምንት መብራቱ ቀን ሌሊት ሳይል ስለሚጠፋ ስለሚመጣ ግን የትኛው መጥፋት ወተቱን እንዳበላሸ ለይቶ የሚያውቅ አልተገኘም። ሰው ሁሉ ያንኑ እንድትደግም ጠበቀ። «እኔ ስገባ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ አንሶላውን አየች። ቀጥላ ፈቲሀን አየች። ፈቲሀ ዓይኗን ወደ ላፕቶፑ መለሰች።

«እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አለች ከድጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ረስቼ ይሆናል። ዕድሜም አለ። ልጄ የሠራችው ነው፣ ውሸት አይሆንም። ወተታችሁን አበላሽቻለሁ፤ አፉ በሉኝ።»

ከኋላ አንድ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ሐጂ ሙንታሲር «ሰው ነው፣ ይሳሳታል፣ አላህም ይቅር ይላል» አሉ። ኮሚቴው እዚያው ተንሾካሾከና ከድጄ ከማቀዝቀዣ ክፍሉ ወጥታ በረንዳው ላይ ጄሪካን ወደማጠቡ ሥራ እንድትዛወር፣ ሰው እስኪገኝ ቀኑንም ሙዝደሊፋ እንዲሸፍን ተወሰነ። ሙዝደሊፋ በሩ ላይ ተደግፎ ጫማውን ያይ ነበር። ከድጄ «እሺ» ብላ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ትንሽ ተጠጋግተው ቦታ አሰፉላት፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስትና ልጅ አብረው ነበር ወደ ቤት የሚሄዱት። ዛሬ ከድጄ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች፤ ፈቲሀም አልደረሰችባትም። የባጃጆቹ አቧራ በመሃላቸው ያልፋል። ገበያው ጋ ሲደርሱ ከድጄ ከምታውቃት ሽንኩርት ሻጭ ዘንድ ቆመች። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ክርክር አለ፤ ሻጭዋ ከዝዋይ የሚያመጣው መኪና ተወዶብኛል ትላለች፣ ከድጄ ያንን መኪና የሚነዳው የማን ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ ትላለች፣ ይሳሳቃሉ፣ በመጨረሻ አንድ ራስ ሽንኩርት ይጨመራል። ዛሬ የተባለችውን ሰጥታ ፌስታሉን ተቀበለች። ሻጭዋ ግራ ገብቷት «ደህና ነሽ ከድጄ?» አለቻት። «አልሐምዱሊላህ» አለች ከድጄ። ሻጭዋ ሳትጠየቅ አንድ ራስ ጨመረች።

የሚኖሩት በአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ የሚመስል መደብ፣ ቴሌቪዥን፣ የፈቲሀ የምረቃ ፎቶ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሎ ይታያል። ፎቶው ላይ ከድጄም አለች፤ ጋወኑ እንዳይቆሽሽ ጫፉን በእጇ ይዛ። ከድጄ ልጅ አልወለደችም፤ ፈቲሀን ገና በእግሯ ሳትሄድ፣ በጀርባ እየታዘለች ሳለ ነው ከእህቷ ተቀብላ ያሳደገቻት። ማኅበሩ ሰው ይፈልጋል ሲባልም የኮሚቴው አባላት ቤት ድረስ ሄዳ «ልጄን እዩልኝ» ያለችው እሷ ናት። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፣ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

ከድጄ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰገደች። ከወትሮው ረዘመባት፤ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ላይ እንዳለች ቆየች፣ ፈቲሀም በበሩ መጋረጃ በኩል ጀርባዋን እያየች ቆመች። ከዚያ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ከድጄ ቆጮውን ቆርሳ ከፈቲሀ በኩል አስጠጋችላት፣ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳውን ጎን። በሉ። ጎረቤት ቤት ራዲዮ ይጮኻል። ፈቲሀ አንድ ጊዜ «አክስቴ» አለች። ከድጄ ቀና አለች። ፈቲሀ የተዘጋጀችበትን ዓረፍተ ነገር ተወችው። «ጎመኑ ጨው አንሶታል መሰለኝ» አለች። ከድጄ ተነስታ ጨው አመጣችላት።

ከምሳ በኋላ ከድጄ ጋደም አለች። ፈቲሀ ዕቃ ልታጥብ ስትወጣ ሙዝደሊፋ የግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። በእጁ ሙዝ የተሞላ ፌስታል ይዟል። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የእንቅልፍ ፊት ያለው ሰው ነው። አሰላሙ አለይኩም አለና ከድጄ መተኛቷን ካረጋገጠ በኋላ ወደ ፈቲሀ ጆሮ ተጠጋ።

«አላህ ይስጥሽ» አላት። «እስክሞት አልረሳውም።»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ ፈቲሀ። ሰዓቱን እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽው አይቻለሁ። መሣሪያውን የተከሉት ሰዎች በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው ብለው ነግረውኛል እኮ፤ ሲተክሉት አብሬያቸው ነበርኩ። ዛሬ ያልቅልኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። አንቺ ግን አዝነሽልኝ፣ ልጆች አሉት ብለሽ...» አፉን በመዳፉ ጠረገ። «ከድጄ ደግሞ ያንቺ ናት፣ አንቺ እያለሽ ምን ይቸግራታል። ለኔ ብለሽ የገዛ አክስትሽን... እኔ ምን ልበል።»

ፈቲሀ የያዘችውን ድስት መሬት ላይ አስቀመጠች። «አንተን ብዬ አይደለም» አለች። «ሳላውቅ ነው።»

አላመናትም። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ምስጋና ልታወጣው ሞከረች፣ «ሳላውቅ ነው ሙዝደሊፋ» ብላ ደገመች፤ እሱ ግን ምስጢር እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ነቀነቀ። «ገብቶኛል» አለ። ሙዙንም «ለእሷ ስጫት» ብሎ እጇ ላይ ትቶላት ወጣ። ፈቲሀ ፌስታሉን ይዛ ቆመች። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ዝም ስትል ፈርታ እንደሆነ፣ ጭብጨባው እንዳያልፋት ሳስታ እንደሆነ ለራሷ አስረድታ ነበር፤ ያ ያሳፍራል፣ ግን የሰው ነው። አሁን አንድ ሰው ከድጄን አውቃ እንደሸጠቻት አምኖ ሊያመሰግናት መጣ። ሰውየው የተሳሳተው ስለ ዓርብ ነው። ስለ ዛሬ ጠዋት ግን ምኑን ተሳሳተ? ሙዙን የውሃ በርሜሉ ክዳን ላይ አድርጋ፣ እጇን ሳትታጠብ ወጣች።

ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። ላፕቶፑን ከፈተችና ከዓርቡ ግራፍ ሥር አዲስ ጀመረች። በእያንዳንዱ የመሣሪያው ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ደመረች። ከዚያ ለቁጥር ብቻ አላመነችውም፤ «ሌሊት 8»፣ «ሌሊት 9»፣ «ሌሊት 10» እያለች ከነቃሉ ጻፈችው፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አስገባች። የቆረጠችውን መልሳ አስረዘመችው። ማታ ሙዝደሊፋ የገባበትም፣ ጠዋት ከድጄ የገባችበትም እንዲታይ አደረገች። ከድጄ ከገባች በኋላ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁልፉን የተጫነችበት ቦታ እንደ ገደል ጫፍ ይታያል። ጽሑፎቹ እንደገና ተጣበቡ፣ ተጋደሙ፣ ግራፉ አስቀያሚ ሆነ። አላስተካከለችውም። አተመችውና ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ ወደ አቶ ተሰማ ሄደች።

አቶ ተሰማ ከመናኸሪያው ጀርባ የበርና የመስኮት ብረት ሥራ ቤት አላቸው። የመበየጃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን በቆሸሸ እጃቸው ጫፍ ጫፉን ይዘው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ፈቲሀ አስረዳቻቸው።

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ ያነበብኩት» አሉ በመጨረሻ። «ከጠዋቱ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ አላልሽም።»

«ሲሉ ዝም አልኩ።»

ጠመዝማዛ ብረት በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «ሰኞ ኮሚቴው ይየው» አሉ። «ቀስ ብለን። ሰው ፊት ያልነውን ዛሬውኑ ሰው ፊት ብንገለብጠው ያንን መሣሪያ ማን ያምነዋል? አንቺንስ? ገና ልጅ ነሽ፣ ስምሽ ነው።»

«እሷ ያፈረችው ሰው ፊት ነው» አለች ፈቲሀ።

አቶ ተሰማ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጨርሰው ሳያወርዱት መልሰው ሰቀሉት። «ሂጂ» አሉ። «እኔም ልብሴን ቀይሬ እመጣለሁ።» ፈቅደውላት ይሁን አባረዋት ፈቲሀ አላወቀችም።

የማታው ወተት የሚገባበት ሰዓት ነበር። አባላቱ ከማቀዝቀዣ ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰልፈዋል፤ ጄሪካን የያዙ፣ ወተቱን በባጃጅ ያመጡ፣ ስለ ፉርሽካ መወደድና ስለ ዝናቡ መዘግየት የሚያወሩ። መስኮቱ ላይ ወተት የሚለካው ሙዝደሊፋ ነው። ፈቲሀ ወረቀቱን ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ዞረች። ሰልፉ ዝም እስኪል አልጠበቀችም፣ ብትጠብቅ እንደምትመለስ ታውቃለች። ጠዋት የታየው ሰዓት የፈረንጅ እንደሆነ፣ ሁለት የተባለው ከሌሊቱ ስምንት እንደሆነ፣ ከድጄ ስትገባ ወተቱ ሞቆ እንደነበር፣ ቁልፉን ተጭና ያቀዘቀዘችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ሐጂ ሙንታሲር ጠጋ ብለው ወረቀቱን አዩ። መስኮቱ ውስጥ የመለኪያው ጣሳ ቆመ።

«ተኝቼ ነበር» አለ ሙዝደሊፋ ማንንም ሳያይ። ወዲያው ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ ታሞ ቀን አልተኛሁም ነበር» አለ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» ብለው የጠየቁት እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው፤ በማኅበሩ ከሁሉ የቆዩት ሴት።

«ጠዋት። አቶ ተሰማ ሲያነቡት።»

«አክስትሽ ቆማ አፉ በሉኝ ስትለን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፈቲሀ ስድብ ጠብቃ ነበር፣ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። እትዬ ተናኘወርቅ ግን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ጄሪካናቸውን ወደ መስኮቱ ገፉ። «ወተቱን ተቀበሉን» አሉ። «ይሞቃል።»

ሰልፉ ሲያልቅ ፈቲሀ ወዲያው ወደ ቤት አልሄደችም። በረንዳው ላይ የተከመሩትን ጄሪካኖች፣ ከሰኞ ጀምሮ ከድጄ ልታጥባቸው የነበሩትን፣ አንድ በአንድ አጠበች። ቤት ስትደርስ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ በሩ ላይ ብዙ ጫማ አየች። ቀድመዋታል። አቶ ተሰማ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሐጂ ሙንታሲር፣ እትዬ ተናኘወርቅ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሙዝደሊፋ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ነው ለሰው ሁሉ ተናግራ ለከድጄ እንዳልነገረቻት የገባት።

ከድጄ ሻይ ቀድታላቸው ነበር። አቶ ተሰማ ተናግረው ጨርሰዋል መሰል ሻያቸውን አንስተዋል። «እንደገና ይበሉልኝ» አለች ከድጄ። «ሰዓቱን።» አቶ ተሰማ ደገሙላት፤ ከሌሊቱ ስምንት ብለው። ከድጄ ራሷን ነቀነቀች፤ እጇን፣ ወተቱን የነካችበትን ይመስል፣ ገልብጣ አየችው። ሙዝደሊፋ ተነስቶ ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ ትከሻውን ያዘችው። «ልጅህ ተሻለው?» አለችው። «ተሽሎታል።» «በል ተቀመጥ።» ሰኞ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ለመኗት፣ እሺ አለች። የሙዝደሊፋን ነገር ሲያነሱ «ልጁ ተሽሎት የለ፣ ከእንግዲህ እሱም ይነቃል» ብላ ዘጋችው። ፈቲሀ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። አንዳቸውም ግቢ አላሏትም፤ ቤቷ ስለሆነ ይሆናል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከድጄ እስከ ግቢው በር ሸኝታቸው ተመለሰች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ፈቲሀ መናገር ጀመረች፤ ስለ ዓርብ፣ ስላጠፋቻቸው ፊደላት፣ ስለ ጭብጨባው። ከድጄ ሰማቻት፤ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነው የሰማቻት።

«ወተቱ መሞቁን በእጄ ነክቼ አውቀው ነበር» አለች ከድጄ፣ ፈቲሀ ተናግራ ስትጨርስ። «ለሦስት ቀን አውቀው ነበር። ዛሬ ያንን ቀይ መስመር ሳይ፣ ልጄ ናት የሠራችው አልኩ። የገዛ እጄ የነካውን ትቼ ያንቺን አመንኩ። ከሰዓት ጋደም ብዬ እንኳ፣ ሌላ ምን ምን ረስቼ ይሆን እያልኩ ነበር።»

«አፉ በይኝ አክስቴ።»

«ብያለሁ።» ከድጄ ብርጭቆዎቹን ሳፋው ውስጥ አስገባች። ፈቲሀ ልትረዳት አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ከድጄ ግን ቦታ አልለቀቀችላትም፣ ሳሙናውንም አላቀበለቻትም። ጥቂት ብርጭቆዎች ነበሩ፣ ብቻዋን አጠበቻቸው።

«ሰኞ ስንገባ ያንን ነገር ማንበብ ታሳዪኛለሽ» አለች ሳትዞር። «ከሥሩ የሚጻፈውን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም። ከእንግዲህ ራሴ ነኝ የማነበው።»

«እሺ» አለች ፈቲሀ።